ሚዛን የያዘውን ሰው ማን ይመዝነው?

አባቶቻችን «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሲፈቱ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው ይሉናል፤ ከደምና ከወዝ። የቃሉ አፈታት በሰዋስው አዋቂዎች ዘንድ ያከራክር ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን አያከራክርም። ሠራተኛ ለአሠሪው የሚሰጠው ጊዜውን ብቻ አይደለም፤ ከሰውነቱ የሚወጣውን ኀይል ጭምር ነው። የሚቀበለውም ገንዘብ ያንን የወጣውን ኀይል የሚተካ መሆን አለበት ማለት ነው። ታዲያ የሚሰጠው ደምና ወዝ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሲሄድ የሚቀበለው ገንዘብ ግን በነበረበት ቢቆም፣ ያ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ዝም ብሎ ቢሠራ ትዕግሥት ነው ወይስ ሞኝነት? አቤት ቢልስ መብቱን መጠየቁ ነው ወይስ ስግብግብነት? ደግሞስ ሥራው እውነትን መመስከር የሆነ ሰው ስለ ራሱ ዋጋ ሲከራከር ምስክርነቱ አይረክስበትም ወይ?

ይህን ጥያቄ እንዲሁ በሐሳብ ብቻ ከምንመረምረው በአንድ ዓይነት ሠራተኛ ላይ አቁመን ብናየው የሚሻል መሰለን። ስለዚህ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በያዟቸው ቅኝ አገሮች ይሠራ የነበረውን የመንግሥት ኬሚስት መረጥን። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዚህ ሰው ሥራ ሲያድግ በግልጽ የሚታይና የሚቈጠር ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው መመዘን ስለ ሆነ የሚዛንን ነገር ከእርሱ ይልቅ አውቃለሁ የሚል ሰው አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይህ ሹመት ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ከ1851 እስከ 1854 ዓ.ም. አርተር ሂል ሃሳል የሚባል የለንደን ሐኪም ከየሱቁ የተገዛ ምግብ በማይክሮስኮፕ እየመረመረ የደረሰበትን «ላንሴት» በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ያወጣ ነበር። ሕዝቡ ቡና ነው፣ ዳቦ ነው፣ ቅመም ነው ብሎ የሚበላውና የሚጠጣው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሌላ ርካሽ ነገር ጋር የተደባለቀ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይሁን እንጂ ሰው በጽሑፍ ያነበበውን ቶሎ ይረሳል፤ የማይረሳው በቤቱ የገባውን ሐዘን ነው። በ1858 ዓ.ም. በብራድፎርድ ከተማ የሆነው እንዲህ ነበር። በዚያን ጊዜ ስኳር ውድ ስለ ነበረ ከረሜላ ሠሪዎች በስኳሩ ውስጥ ጀሶ መቀላቀል ልማድ አድርገውት ነበር። አንድ ከረሜላ ሠሪ ጀሶ እንዲገዛለት ሰው ወደ መድኃኒት ሻጭ ቤት ላከ። ባለመድኃኒቱ ታሞ ተኝቶ ስለ ነበረ ረዳቱ በስሕተት በጀሶው ፈንታ አርሴኒክ መዝኖ ሰጠው። ከረሜላውም ተሠርቶ በገበያ ተሸጠ። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፤ ሃያ ያህሉም ሞቱ፤ ከሞቱትም መካከል ሕፃናት ነበሩ።

ልብ ብለን ካየነው በዚህ ነገር ውስጥ መርዝ ሊሸጥ ያሰበ ሰው አልነበረም። አንዱ ጥቂት ትርፍ ፈለገ፤ ሁለተኛው ታሞ ነበር፤ ሦስተኛው በርሜሉን አላየም። የጐደለው በሻጩና በገዢው መካከል ቆሞ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። በ1860፣ በ1872 እና በ1875 ዓ.ም. የወጡት የእንግሊዝ ሕጎች ይህን ሰው ፈጠሩት። ኬሚስቱ ናሙና ይቀበላል፤ ይመረምራል፤ ያገኘውንም በፊርማው ያረጋግጣል። ቅኝ አገሮችም ይህንኑ ሕግ እየተከተሉ አወጡ፤ ለምሳሌ ኒውዚላንድ የምግብና የመድኃኒት ሽያጭ ሕጓን ያወጣችው በ1877 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ለብዙ ሰዎች የተከፋፈለው ሥራ በቅኝ አገር በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር። ሰውየው ሲቀጠር ምናልባት የተሰጠው ሥራ የማዕድን ድንጋይ መመርመር ብቻ ነው። ጥቂት ቈይቶ ጉምሩክ «የሩም አረቄው ቀረጥ የሚወሰነው በአልኮሉ ብዛት ስለ ሆነ ለካልን» ይለዋል። ቀጥሎ ፖሊስ በድንገት የሞተን ሰው የሆድ ዕቃ በማሰሮ አሽጎ ይልክለታል። ከዚያም ጤና ጥበቃው የጕድጓዱን ውሃና የወተት ሻጮቹን ወተት ያመጣለታል። ላምባ በየቤቱ መብራት ሲሆን ደግሞ ገና በትንሽ ሙቀት ተን አውጥቶ የሚቀጣጠለውን መጥፎ ላምባ ከደኅናው እንዲለይ ይታዘዛል፤ መብራት ፈንድቶ ቤተ ሰብ እንዳያቃጥል። ገበሬ የመሬቱን አፈር፣ ነጋዴ የማዳበሪያውን ከረጢት ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲመጣ ትንሽ ነው፤ «ይህችን ብቻ» ተብሎ ነው የሚመጣ። ሁሉም ሲደመር ግን ሰውየው የተቀጠረበት ሥራና የሚሠራው ሥራ ስማቸው እንጂ ሌላው ሁሉ አይገናኝም።

ይህ በሐሳብ የፈጠርነው እንዳይመስል ሁለት ሰዎችን በስማቸው እንጥራ። ዊልያም ስኬይ በ1835 ዓ.ም. በለንደን ተወልዶ ወደ ኒውዚላንድ የተሻገረ ሰው ነው። መጀመሪያ በኦታጎ ክፍለ ሀገር የመሬት ጥናት ውስጥ ማዕድን መርማሪ ሆኖ ሠራ። በ1865 ዓ.ም. የቅኝ አገሩ ላቦራቶሪ በዌሊንግተን ሲቋቋም ወደዚያ ተዛወረ፤ በ1900 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም በዚሁ ሙያ ኖረ። የድንጋይ ከሰሉም፣ የወርቅ ድንጋዩም፣ የማዕድን ውሃውም፣ የተጠረጠረው ምግብም ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። ከዚህ ሁሉ ተርፎት በ1885 ዓ.ም. አዋሩአይት የተባለውን ከኒኬልና ከብረት የተዋሐደ ማዕድን ለይቶ ለዓለም አስታወቀ፤ ይባስ ብሎም ግጥም ይጽፍ ነበር።

ሁለተኛው ጆን በርችሞር ሃሪሰን ነው። በ1856 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ በ1879 ዓ.ም. ወደ ባርቤዶስ ደሴት ሄዶ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሸንኮራ አገዳ ከቍራጩ እንጂ ከዘር አይበቅልም የሚለው እምነት የጸና ነበር። በ1888 ዓ.ም. ሃሪሰንና ጓደኛው ጆን ቦቬል ከዘር የበቀሉ ችግኞች በማሳ ውስጥ እንደሚገኙ አረጋገጡ፤ በጃቫ ደሴትም በዚያው ዘመን ይኸው ነገር ታውቆ ነበር። አዲስ የአገዳ ዓይነት እየመረጡ ማራባት የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1889 ዓ.ም. ሃሪሰን ወደ እንግሊዝ ጊያና ተሻግሮ የመንግሥት ኬሚስት ሆነ። በሹመት ስሙ ኬሚስት ይባል እንጂ የወርቅ መሬቶቹን አቀማመጥ ያጠናው እርሱ ነው፤ ስለዚሁ የጻፈውም መጽሐፍ በ1908 ዓ.ም. ታትሟል። የአገዳውን ማሻሻል ይመራ ነበር፤ በመጨረሻም የሳይንስና የእርሻ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ሆነ። በ1921 ዓ.ም. «ሰር» የሚለውን ማዕርግ አገኘ፤ በ1926 ዓ.ም. እዚያው ጊያና ውስጥ ሞተ።

እንዲህ ያለ ሰው ደመወዜ ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ቢፈልግ መንገዱ አንድ ነበር። የቅኝ አገር ሹማምንት መተዳደሪያ ደንብ ማንም ሹም ለንደን ለሚቀመጠው የቅኝ አገር ሚኒስትር በቀጥታ እንዲጽፍ አይፈቅድም። ማመልከቻው በአገረ ገዢው እጅ ማለፍ አለበት፤ ገዢውም የራሱን አስተያየት ጨምሮ ይልከዋል። እንግዲህ «ሥራ በዛብኝ» የሚለውን አቤቱታ አስቀድሞ የሚያነበው ያንኑ ሥራ ያበዛበት ጌታ ነው። አቤት ባዩ በዚህ በር ሲገባ አራት መልሶች ይጠብቁታል። እያንዳንዳቸውን እንመርምር፤ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰሙ ናቸውና።

የመጀመሪያው መልስ፣ «መንግሥትን ማገልገል ራሱ ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ በገንዘብ አይለካም» የሚል ነው። ይህ ቃል እውነትነት አለው። ከልቡ የሚያገለግል ሰው በገንዘብ ብቻ ከሚነዳው ሰው እንደሚበልጥ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህን ቃል ማን ለማን እንደሚናገረው ማየት ያስፈልጋል። አገልጋዩ ለራሱ ሲናገረው ትሕትና ነው፤ አሠሪው ለአገልጋዩ ሲናገረው ግን ዕዳን በምስጋና ለመክፈል መፈለግ ይሆናል። ክብር ለቤት ኪራይ አይከፈልም፤ የልጅም መጽሐፍ አይገዛም። ክብሩ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ አክባሪው ያከበረውን ሰው ችግር አስቀድሞ ማየት ነበረበት።

ሁለተኛው መልስ፣ «ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው» የሚል ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። በ1890ዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ለገበሬዎቻቸው ድጐማ እየከፈሉ ከቀይ ሥር ዓይነት ተክል የሚወጣውን ስኳር በርካሽ ስላወጡት የአገዳ ስኳር ዋጋ ወደቀ። በስኳር የሚኖሩት የካሪቢያን ቅኝ አገሮችም እጅግ ተቸገሩ፤ በ1897 ዓ.ም. ችግራቸውን የሚመረምር የንጉሣዊ ኮሚሽን እስከ መላክ ተደረሰ። ታዲያ በዚያ ዓይነት ዘመን አንድ ሹም ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለቱ ያሳፍራል የሚል ይኖራል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው እንላለን። ግምጃ ቤቱን ያራቈተው ችግርና የኬሚስቱን ሥራ ያበዛው ችግር አንድ ነው። ዋጋ ሲወድቅ ከአገዳው የሚጠፋው እያንዳንዱ ጠብታ ይቈጠራል፤ በሽታ የማይደፍረው የአገዳ ዓይነት ይፈለጋል፤ የአፈሩ ኀይል ይመረመራል። አገሪቱ በድኽነቷ ጊዜ የተደገፈችበትን ሰው በዚያው ድኽነት አመካኝታ ብትነፍገው፣ በሬው አጥብቆ በሚያርስበት ወር ገለባውን እንደ መቀነስ ነው። ከሌለ የለም፤ ይህ ይገባናል። ነገር ግን «ዛሬ የለንም፣ ዕዳው ግን ይታወቅልህ» ማለትና «ዕዳ የለብንም» ማለት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው መልስ፣ «ስትቀጠር ደመወዙን ታውቅ ነበር፤ ወደህ ፈርመሃል» የሚል ነው። ውል ይከበር ማለት መልካም ነው። ግን ውል ሁለት ወገን አለው። ሰውየው ደመወዙን አውቆ እንደ ፈረመ ሁሉ መንግሥትም ሥራውን አውቆ ፈርሟል። ለአንድ ማሰሮ የተዋዋለ ሸክላ ሠሪ በዚያው ዋጋ ዐሥር ማሰሮ ሥራ ቢባል ውሉን ያፈረሰው ማን ነው? ሥራው ሲያድግ ውሉ ያረጃል። ያረጀውን ውል እንደገና እንነጋገርበት የሚል ሰው ውል አክባሪ እንጂ ውል አፍራሽ አይባልም።

አራተኛው መልስ ከሁሉ የረቀቀ ነው። «አንተ የእውነት ምስክር ነህ፤ ገንዘብ ወዳድ መሆንህ ከታወቀ ፊርማህን ማን ያምናል?» ይላል። ወደ ቅኝ አገሩ ነገር ከመመለሳችን በፊት፣ ለዚህ መልስ እዚያው ለንደን አጠገብ በዉሊች የኖረ የአንድ ኬሚስት ታሪክ ይረዳናል።

ጄምስ ማርሽ በ1832 ዓ.ም. አንድ ልጅ አያቱን በቡና ውስጥ አርሴኒክ አድርጎ ገድሏል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ምርመራ እንዲያደርግ ተጠራ። መርዙን አገኘ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ዘዴ የተገኘው ምልክት ለፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ ተበላሸና ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ። ማርሽ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣው። እውነቱን ማወቁ ብቻ አልበቃውም፤ ሌላው ሰው በዓይኑ የሚያየው ማስረጃ መፈለግ ጀመረ። በ1836 ዓ.ም. ያሳተመው ዘዴ ይህ ነው። የተጠረጠረው ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ፣ አርሴኒክ ካለበት ወደ ጋዝ ተለውጦ ይወጣል፤ ጋዙን ለኵሰው በነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ የሸክላ ሳሕን ቢይዙበት ጥቍር የሚያብለጨልጭ ነጥብ ይቀራል። ያ ነጥብ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ስንቱን ነፍሰ ገዳይ እንዳስያዘ፣ ስንቱንም ንጹሕ ሰው ከሐሜት እንዳዳነ መገመት አያስቸግርም።

ይህ ሰው የታላቁ የማይክል ፋራዴይ ረዳት ሆኖ በጦር ትምህርት ቤት ሲሠራ ደመወዙ በሳምንት ሠላሳ ሽልንግ ነበር። ስለ ግኝቱ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1846 ዓ.ም. ሲሞት ግን ሚስቱንና ልጆቹን ያለ መተዳደሪያ ትቶ ሞተ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ማርሽ ድኻ ስለ ነበረ ሚዛኑን አላዛባም፤ ይህ የእርሱ ክብር ነው። ግን በእርሱ እውነት የተጠቀመው አገር ልጆቹን ለችግር ጥሎ መሄዱ የማን ክብር ነው? የሰውየው ንጽሕና የአሠሪውን ዕዳ አይሰርዝም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

ስለዚህ ለአራተኛው መልስ የምንሰጠው ምላሽ ይህ ነው። ምስክርን የሚያረክሰው በግልጽ የጠየቀው ደመወዝ አይደለም፤ በስውር የተቀበለው ነው። በሀገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚባል ክፉ ተረት አለ። ይህን ተረት ብዙ ሰው እየሳቀ ይናገረዋል፤ ከሥሩ ግን የሚያስለቅስ ነገር አለበት። የሹመቱ ደመወዝ በግልጽ እንዲያኖር ሆኖ ካልተሠራ፣ ሹሙ በስውር እንዲበላ ሁሉም በዝምታ ተስማምቷል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ራሱ ብዙዎቹ የከተማ ኬሚስቶች ከከተማው የሚያገኙት ገንዘብ ስለማያኖራቸው የግል ደንበኛ ይይዙ ነበር። በሕግ የተፈቀደ ነበርና ኀጢአት አንለውም። ግን ሰኞ ዕለት ወተቱን የሚመረምርበት ነጋዴ ማክሰኞ ዕለት ደንበኛው ሆኖ ገንዘብ ቢከፍለው፣ የኬሚስቱ ልብ ምን ያህል ይፈተናል? «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይባላል። ሌላው ሁሉ ቢያታልል ኬሚስቱ ይገልጠዋል፤ ኬሚስቱ ራሱ ቢታለል ግን ከእርሱ በኋላ ማንም የለም። ይህን ሰው በአግባቡ መክፈል ለእርሱ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ወተቱን ለሚጠጣው ሕፃን የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ይሁንና ይህን ስንል ችግር ለጉቦ ምክንያት ይሆናል ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። ደመወዙ ያነሰበት ሰው ሁለት የቀና መንገድ አለው፤ መጠየቅና፣ እንቢ ከተባለ መልቀቅ። የሐሰት ፊርማ ግን በሁለቱም ውስጥ የለም። የተበደለ ሰው በደሉን በሦስተኛ ሰው ላይ ቢያወራርድ ያ ሦስተኛ ሰው ምን አጠፋ? ግምጃ ቤቱ ኬሚስቱን ስለ በደለው በመጥፎ ላምባ የሚቃጠለው የድኻ ጐጆ ነው።

እስከ አሁን ለኬሚስቱ ጠበቃ ሆነን ቆመናል። አሁን ግን ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን እናዙር፤ እንዲህ ካላደረግን እኛም አድልተናልና።

የኬሚስቱ ደመወዝ ከየት ይወጣ ነበር? ጊያናን እንውሰድ። ከ1838 እስከ 1917 ዓ.ም. ድረስ 240 ሺህ ያህል ሰዎች ከሕንድ አገር በውል ታስረው ወደዚያች አገር ተወስደዋል። የአገዳውን እርሻ የሚቈፍሩት፣ የሚያጭዱትና የሚሸከሙት በብዛት እነርሱ ነበሩ። በሕግ የተወሰነላቸው የቀን ዋጋ አንድ ሽልንግ ያህል ነበር። ውሉን ያፈረሰ ሠራተኛ ተከሶ ሊታሰር ይችል ነበር። ኬሚስቱ «ሥራዬ በዛ፣ ደመወዜ ቆመ» ብሎ ባማረ ወረቀት ላይ ሲጽፍ፣ በመስኮቱ በኩል በሚታየው ማሳ ውስጥ ሥራው የበዛበትና ደመወዙ የቆመበት ሌላ ሰው ነበር፤ ማመልከቻ የሚጽፍበት ወረቀት ግን አልነበረውም። በላቦራቶሪው ውስጥ ራሱ ጠርሙስ የሚያጥብ፣ ናሙና የሚመዘግብ፣ እሳቱን የሚጠብቅ የአገሩ ተወላጅ ረዳት ይኖራል። ሥራው ሲበዛ የበዛው በሁለቱም ላይ ነው። ነገር ግን በቅኝ አገሮች የከፍተኛው ሹመት በር በአብዛኛው ከእንግሊዝ አገር ለመጡት እንጂ ለአገሬው ሰው አልተከፈተም ነበር።

ታዲያ ይህ የኬሚስቱን ጥያቄ ሐሰት ያደርገዋልን? አያደርገውም። የሌላው መበደል የእኔን መበደል አያጠፋውም፤ «አንተ የባሰበት ስላለ ዝም በል» የሚለው ክርክር ሁሉንም በደል በአንድነት የሚያጸና ክርክር ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ጐደሎ ያደርገዋል። «ሥራዬን መዝኑልኝ» የሚል ሰው የረዳቱን ሥራ ለመመዘን ካልፈቀደ የፈለገው ፍትሕ አልነበረም፤ ጥቅም ነበር። ፍትሕና ጥቅም በአንድ ማመልከቻ ውስጥ ሲጻፉ ቃላቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት ጠያቂው ከተፈቀደለት በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው። ጭማሪውን ሲያገኝ ወደ ኋላው ዞሮ የረዳቱን ስም ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ያቀረበ እንደ ሆነ ጥያቄው የፍትሕ ነበር። በሩን ከኋላው የዘጋ እንደ ሆነ ግን፣ ያንን ያህል ስለ ሚዛን የተናገረው ሁሉ የራሱን ሳሕን ለማክበድ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? የእኛ አገር ቅኝ አገር አልሆነችም፤ ስለዚህ የገዢውና የተገዢው ነገር በእኛ ላይ እንደዚያው አይደለም። ነገር ግን «ይህችን ብቻ» እየተባለ ሥራ የሚደራረብበት ሹም በእኛም መሥሪያ ቤት አለ። አርባ ተማሪ ያስተምር ዘንድ ተቀጥሮ ሰማንያ የተሰበሰበበት አስተማሪ አለ። በርበሬ ከጡብ ዱቄት፣ ቅቤም ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ ሲባል እኛም ሰምተናልና መርማሪው ሰው ለእኛም ያስፈልገናል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንድንል ይፈቀድልን።

ለሚጠይቀው ሰው የምንለው፣ እንደ ኬሚስት ይጠይቅ ነው። ኬሚስት በናሙናው ላይ ሲጽፍ አይቈጣም፣ አያለቅስም፣ አያጋንንም፤ «ይህን ያህል ውሃ፣ ይህን ያህል ስብ» ብሎ ይጽፋል። የደመወዝ ማመልከቻም እንዲሁ መሆን አለበት። በተቀጠርሁ ጊዜ ሥራዬ ይህ ነበር፤ ዛሬ ይህ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው። በልመና ከተጻፈ ክብሩን ያጣል፤ በዛቻ ከተጻፈም እምነቱን ያጣል። ቍጥሩ እውነት ከሆነ ግን አንባቢው ቢያንስ በኅሊናው ፊት መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል።

ለሚጠየቀው ሹም የምንለው ደግሞ፣ ሳይጠየቅ ይመዝን ነው። በደጁ የሚጠናውን ሰው ብቻ የሚያስብ ሹም፣ ደጅ መጥናት የማይችለውንና የማይወደውን ሰው ይበድላል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ሠራተኛ ነው፤ ምክንያቱም ደጅ የሚጠናበትን ሰዓት በሥራው ላይ ያሳልፈዋል። አንድን አዲስ ሥራ በሰው ላይ የሚጨምር ትእዛዝ ሲፈርም፣ በዚያው ብዕር «ይህ ሰው ከዚህ በፊት የያዘው ምን ያህል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ አቤቱታ ሳይጻፍ ይቀር ነበር። መስጠት የማይችል ከሆነም እውነቱን ይናገር፤ ከተቻለ ሥራውን ይቀንስለት። ሰው ድኽነትን ይታገሣል፤ መናቅን ግን አይታገሥም።

ለተማሪው የምንለው የመጨረሻው ነው። ነገ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ወንበር ትቀመጣለህ፤ ምናልባትም በዕድሜህ ውስጥ በሁለቱም። በመጀመሪያው ወንበር ሳለህ የተሰማህን በሁለተኛው ወንበር ስትቀመጥ አትርሳው። ብዙ ሰው ታናሽ ሹም ሳለ ስለ ፍትሕ አጥብቆ ይናገራል፤ ታላቅ ሹም ሲሆን ስለ ትዕግሥት ማስተማር ይጀምራል። ያ ሰው የተለወጠው ወንበሩ ብቻ እንደ ሆነ አያስተውለውም።

ዊልያም ስኬይ ሠላሳ አምስት ዓመት በሚዛኑ ፊት ቆሞ ስንት ሺህ ድንጋይና ስንት ጠርሙስ እንዳለፈበት አስቡ። እያንዳንዱን ከማስቀመጡ በፊት ሳሕኑን ይጠርጋል፣ መርፌው መካከል ላይ መቆሙን ያያል፣ ከዚያ ይመዝናል። ሚዛኑ መጀመሪያ ባዶውን ካልተስተካከለ በኋላ የሚመዘነው ሁሉ ሐሰት ነውና። ሰውን የሚመዝን ባለሥልጣንም፣ ራሱን የሚመዝን ሠራተኛም ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ይመስለናል፤ ከመመዘን በፊት ሳሕኑን መጥረግ።